ቀሪናና ደም፦ የዓፄ ኃይለ ሥላሴ ሞትና የደርግ ባለ ሥልጣናት ፍርድ በፊቅህ ሚዛን

ዛሬ ጭሮ ብለን የምንጠራት ከተማ በዕድሜ በገፉ ነዋሪዎቿ አንደበት እስከ አሁን «አሰበ ተፈሪ» ናት። ከተማይቱን ያቀኗት በጨርጨር አውራጃ ገዥነታቸው ዘመን ፊታውራሪ፣ በኋላም በጅሮንድ፣ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም ናቸው። በስሟ ውስጥ ያሉት ተፈሪ ደግሞ በ1884 ዓ.ም. ኤጀርሳ ጎሮ ተወልደው፣ በ1902 ዓ.ም. የሐረርጌ ገዥ ሆነው፣ ኋላም ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ተብለው የነገሡት ናቸው። እኚህ ሰው ከዙፋናቸው ከወረዱ ዓመት ሊሞላቸው ጥቂት ቀናት ሲቀሩት፣ ነሐሴ 21 ቀን 1967 ዓ.ም.፣ በእስር ላይ ሳሉ ሞቱ። በማግስቱ የወጣው የመንግሥት መግለጫ ሞታቸውን የሕመም ሞት አደረገው። ከ31 ዓመታት በኋላ፣ ታኅሣሥ 3 ቀን 1999 ዓ.ም.፣ የፌዴራሉ ከፍተኛ ፍርድ ቤት የንጉሠ ነገሥቱ መገደል በተካተተበት ክስ ኮሎኔል መንግሥቱ ኃይለ ማርያምንና ባልደረቦቻቸውን ጥፋተኞች አላቸው። ስለዚህ ሞት በሕዝብ ዘንድ ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም የሚደረገው ክርክር በአብዛኛው የቆመው በሕግ ቋንቋ «የአካባቢ ማስረጃ»፣ በእኛ የፊቅህ ቋንቋ ደግሞ «ቀሪና» በሚባለው ላይ ነው። የጽሑፋችን ጥያቄ ጠባብ ነው፤ ይህ ቀሪና ምን ያህል ይሸከማል? ማንንስ ይይዛል?

ርእሱን በእስልምና ጥናት መድረክ ላይ ማንሣታችን የሚያስገርመው አንባቢ ይኖር ይሆናል። ሁለት ምክንያቶች አሉን። በምዕራብ ሐረርጌ ከሚኤሶ እስከ ጭሮ፣ ከሂርና እስከ በዴሳና ገለምሶ ያለ ኢማም ወይም የመድረሳ መምህር በሥራ ዘመኑ አንድ ጊዜ እንኳ በደም ጉዳይ ሸንጎ ላይ ሳይቀመጥ ማለፉ ብርቅ ነው። የሸሪዓ ፍርድ ቤቶቻችን በ1936ቱ አዋጅም ሆነ በ1992ቱ የማጠናከሪያ አዋጅ የተሰጣቸው ሥልጣን ጋብቻን፣ ውርስን፣ ወቅፍንና እነዚህን የመሳሰሉ ጉዳዮችን የሚመለከት እንጂ ደምን የሚመለከት አይደለም። ሆኖም ጉማ ሊከፈል፣ የገዳይና የሟች ወገን ሊታረቅ ሲሰበሰብ የሚጠራው ያው ዓሊም ነው። እዚያ ተቀምጦ የሚሰማው ቃል ደግሞ ብዙውን ጊዜ «ሲገድል አየሁት» የሚል አይደለም፤ «በማግስቱ ከአገር ጠፋ»፣ «ፊቱ ጠቁሮ ነበር»፣ «ለቅሶ አልደረሰም» የሚል ነው። ይህን ዓይነት ቃል እንዴት መመዘን እንዳለብን ማስተማር የሚቀለው ሰው ሁሉ በሚያውቀው፣ ነገር ግን የማንም ጎረቤት ባልሆነ ጉዳይ ላይ ነው።

ሁለተኛው ምክንያት የእኛው የልብ ዝንባሌ ነው። በንጉሡ ዘመን ሙስሊሙ በገዛ አገሩ እንደ እንግዳ መቆጠሩ ሚያዝያ 12 ቀን 1966 ዓ.ም. በአዲስ አበባ አደባባይ በተደረገው ታላቅ ሰልፍ የተነገረ ነገር ነው። ዒዶቻችንና መውሊድ የሕዝብ በዓላት ሆነው የታወቁት በደርግ ጊዜ፣ በ1967 ዓ.ም. ነው። ስለዚህ ከእኛ መካከል የንጉሡን ደም የሌላ ሰው ጉዳይ አድርጎ የሚያልፍ፣ ከዚያም ዐልፎ በልቡ ለከሳሾቹ ሳይሆን ለተከሳሾቹ የሚያደላ አይጠፋም። በቀይ ሽብር ልጁን ወይም ወንድሙን ያጣው ደግሞ በተቃራኒው መንግሥቱ ላይ የቀረበን ክስ ሁሉ ሳይመረምር ይቀበላል። ሱረቱል ማኢዳ በ8ኛው አንቀጽ ጥላቻ ከፍትሕ እንዳያወጣን ሲያዝ፣ ሱረቱ ኒሳእ በ135ኛው አንቀጽ ምስክርነታችን በራሳችንና በዘመዶቻችን ላይ እንኳ ቢሆን ቀጥ ብሎ እንዲቆም ሲያዝ፣ የሚመለከተው እነዚህን ሁለቱንም ሰዎች ነው።

ምልክት በቁርኣንና በቀደምት ዳኞች ዘንድ

ስለ ቀሪና የሚጽፉ ዑለማዎች ሁሉ ወደ ሱረቱ ዩሱፍ ይሄዳሉ። በዚያች ሱራ ውስጥ በማስረጃነት የቀረቡት ሸሚዞች ሁለት መሆናቸውን ግን ተማሪዎቻችን ብዙ ጊዜ አያስተውሉም። በአዚዙ ሚስት ክስ ጊዜ ከፊት ይሁን ከኋላ የተቀደደው ሸሚዝ እውነትን አወጣ፤ ኢማም ኢብኑል ቀዪምና ሌሎችም ቀሪና በፍርድ ውስጥ ቦታ እንዳለው ያስረዱት በዚህ ነው። ቀደም ብሎ ግን ወንድማማቾቹ የሐሰት ደም ቀብተው ለአባታቸው ያቀረቡት ሸሚዝ አለ። እሱም ምልክት ነበር፤ ግን የተፈጠረ ምልክት። ከሸሚዙ ጋር ሌላም ነገር ይዘው መጥተዋል፤ ዕንባ። በምሽት እያለቀሱ ነው የመጡት። ነቢዩላህ ያዕቁብ ዐለይሂ ሰላም በደሙም በዕንባውም አልተሸነፉም።

ከታቢዒዮች ዘመን ታላላቅ ዳኞች አንዱ የሆኑት ቃዲ ሹረይሕ ዘንድ አንዲት ከሳሽ እያለቀሰች ስትቀርብ አብሯቸው የነበረው ሻዕቢ የተበደለች መስላ እንደታየችው ተናገረ። ሹረይሕ የሰጡት መልስ የዩሱፍ ወንድሞችም ወደ አባታቸው ያመሹት እያለቀሱ እንደነበር ማስታወስ ብቻ ነበር። በዚህ ዘመን ፊልምና ቴሌቪዥን «ንጹሕ ሰው እንዲህ ይሆናል፣ ገዳይ እንዲያ ይሆናል» እያሉ ስላስለመዱን ይህ አጭር መልስ ከምንጊዜውም ይልቅ ያስፈልገናል።

በደም ጉዳይ በተለይ፣ ኢብኑል ቀዪም «አጡሩቁል ሑክሚየህ» በተሰኘው መጽሐፋቸው ስለ ዐሊይ ኢብኑ አቢ ጧሊብ (ረ.ዐ.) የሚያወሱት ታሪክ አለ። የምናነሣው ለሕግ መሠረትነት ሳይሆን ለማስተማሪያነት ነው። በአንድ ፍርስራሽ ቤት ውስጥ ደም የተነከረ ቢላ የያዘ ሰው፣ በፊቱ ደግሞ በደሙ የተዘፈቀ አስከሬን ተገኘ። ሲጠየቅ «ገድየዋለሁ» አለ፤ ሞት ተፈረደበት። ወደ መገደያው ሲወስዱት ሌላ ሰው እየሮጠ መጥቶ ገዳዩ እሱ እንደሆነ ተናገረ። የመጀመሪያው ሰው ሥጋ ሻጭ ኖሯል፤ ከብት አርዶ፣ ቢላውን እንደያዘ ለሽንት ወደ ፍርስራሹ ገብቶ ከአስከሬኑ ጋር ተፋጠጠ። «ታዲያ ለምን አመንክ?» ሲባል፣ ያንን ቢላ ይዞ ያንን አስከሬን ፊት ቆሞ የተገኘ ሰው አልገደልኩም ቢል ማን ሊሰማው እንደሚችል መልሶ ጠየቀ። ዐሊይ (ረ.ዐ.) ሐሰንን (ረ.ዐ.) አማከሩ። ሐሰንም ሰውየው አንዲት ነፍስ ቢያጠፋም ሌላዪቱን ማዳኑን ጠቅሰው፣ የማኢዳን 32ኛ አንቀጽ አስታወሱ። ሁለቱም ተለቀቁ፤ የሟቹ ዲያ ከበይቱል ማል ተከፈለ።

መምህራን ይህን ታሪክ ሲያስተምሩ ብዙውን ጊዜ በመጨረሻው ምሕረት ላይ ይቆያሉ። እኛን የሚያስደነግጠን መካከሉ ነው። ቢላው፣ ደሙ፣ ቦታውና ሰዓቱ ሁሉም እውነተኛ ነበሩ፤ አንድም የተዋሸ ምልክት የለም። ከዚያም በላይ፣ ማስረጃዎች ሁሉ ንጉሥ የሆነው የእምነት ቃል ራሱ ከቀሪናው ክብደት የተወለደ ነበር። ብዙ ምልክት በአንድ ሰው ላይ ሲከማች ሌላው ሁሉ፣ የራሱ የተከሳሹ አንደበት እንኳ፣ ወደዚያው ያዘነብላል።

ቀሳማና ለውስ

ገዳዩ ያልታወቀ ሟች ሲገኝ የሚሠራበት የቀሳማ ሕግ መሠረቱ የኸይበሩ ጉዳይ ነው። ዐብዱላህ ኢብኑ ሰህል ኸይበር ውስጥ ተገድሎ ተገኘ። ከሟቹ ጋር የመጡት ሙሐዪሳና የሟቹ ወገኖች የአካባቢውን ሰዎች ከሰሱ፤ እነሱም ካዱ። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ከሳሾቹን 50 መሐላ እንዲምሉ ጠየቋቸው፤ ባላየነው እንዴት እንምላለን አሉ። የተከሳሾቹ 50 መሐላ ሲቀርብላቸው ደግሞ አንቀበልም አሉ። ነቢዩም (ሰ.ዐ.ወ.) የሟቹ ደም ከንቱ ሆኖ እንዳይቀር 100 ግመል ዲያ ራሳቸው ከፈሉ። ቡኻሪና ሙስሊም የዘገቡት ይህ ሐዲስ ሁለት ነገሮችን በአንድነት ይይዛል፤ በጥርጣሬ ብቻ ማንም አልተገደለም፤ ደሙም ግን መና አልቀረም።

በሐረርጌ የምንከተለው የሻፊዒይ መዝሀብ ለቀሳማ «ለውስ» እንዲኖር ይጠይቃል፤ ለውስ የከሳሹን እውነተኛነት ወደ ልብ የሚያቀርብ ምልክት ነው። በተከሳሹና በሟቹ መካከል የታወቀ ጠላትነት፣ ከሟቹ ጋር በአንድ ቤት የነበሩ ሰዎች ተለያይተው እሱ ሞቶ መገኘቱ፣ በአስከሬኑ አጠገብ መሣሪያ የያዘ ሰው መታየቱ ከምሳሌዎቹ መካከል ናቸው። በመዝሀባችን አዲሱ ቃል ግን ለውስና መሐላ ዲያን ያስከፍላሉ እንጂ ቂሷስን አያስፈርዱም፤ በማሊኪዮችና በሐንበሊዮች ዘንድ ቂሷስም ይቻላል። ለዛሬው ጉዳያችን እጅግ የሚጠቅም አንድ ነገር ኢማሙ ነወዊ «ረውደቱ ጧሊቢን» ላይ ጽፈዋል። የደም ወይም የቁስል መታየት ቅድመ ሁኔታ አይደለም፤ ሰው ታንቆም ትንፋሹ ተይዞም ሊገደል ይችላልና የዚያ ምልክት ደምን ይተካል። ምንም ዓይነት ምልክት ጨርሶ ካልታየ ግን በትክክለኛው አስተያየት ቀሳማ የለም።

አንባቢ ይህን የመጨረሻውን ነጥብ ይያዝልን።

ስለ ነሐሴ 1967 የምናውቀው

ዓፄ ኃይለ ሥላሴ መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ከሥልጣን ወርደው በመጀመሪያ በአራተኛ ክፍለ ጦር ሠፈር፣ በኋላም በታላቁ ቤተ መንግሥት ግቢ ታሰሩ። ኅዳር 14 ቀን 60 የቀድሞው መንግሥት ባለ ሥልጣናትና የጦር መኮንኖች፣ ከእነሱም መካከል የደርጉ የራሱ ሊቀ መንበር የነበሩት ጄኔራል አማን አንዶም፣ ያለ ፍርድ ተገደሉ። በነሐሴው መግለጫ መሠረት የ83 ዓመቱ አዛውንት አስቀድሞ ከተደረገላቸው የፕሮስቴት ቀዶ ሕክምና ጋር በተያያዘ ሕመም ነው የሞቱት። ሐኪማቸው የነበሩት ፕሮፌሰር አሥራት ወልደየስ ግን ከሕክምናው የተነሣ ችግር እንዳልነበረ ተናግረው የመንግሥቱን ትረካ አልተቀበሉም። ሕዝባዊ ቀብር አልተደረገም፤ ቤተ ሰብ አስከሬኑን አልተረከበም። ልጃቸው ልዕልት ተናኘወርቅ በእስር ላይ ነበሩ፤ እስራቸውም 14 ዓመት ያህል ቆየ። መቃብሩ የት እንደሆነ አልተነገረም። ደርግ ከወደቀ በኋላ፣ በ1984 ዓ.ም.፣ ዐፅማቸው በቤተ መንግሥቱ ግቢ ከሲሚንቶ ወለል ሥር ተቆፍሮ ወጣ፤ ጥቅምት 26 ቀን 1993 ዓ.ም. በመንበረ ጸባዖት ቅድስት ሥላሴ ካቴድራል ተቀበረ።

የልዩ ዐቃቤ ሕግ መሥሪያ ቤት በ1984 ዓ.ም. በዐዋጅ ተቋቋመ፤ ችሎቱ ታኅሣሥ 4 ቀን 1987 ዓ.ም. ተከፈተ። ዐቃቤ ሕግ ንጉሡ በአልጋቸው ላይ ታንቀው ተገደሉ አለ። ዋናው ክስ በ1949ኙ የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ አንቀጽ 281 ላይ የተመሠረተ የዘር ማጥፋት ወንጀል ነበር፤ ያ አንቀጽ የፖለቲካ ቡድንንም ይጨምር ነበርና። ጥር 3 ቀን 1999 ዓ.ም. የዕድሜ ልክ እስራት ተፈረደ፤ ግንቦት 18 ቀን 2000 ዓ.ም. ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ወደ ሞት አሳደገው። ኮሎኔል መንግሥቱ ግንቦት 13 ቀን 1983 ዓ.ም. ወደ ዚምባብዌ ሄደው ስለ ነበር የተፈረደባቸው በሌሉበት ነው። (በሌለ ሰው ላይ መፍረድ በሐነፊዮች ዘንድ አይቻልም፤ በመዝሀባችን ግን በሰዎች መብት፣ ቂሷስንም ጨምሮ፣ ይፈቀዳል። ስለዚህ በሌሉበት መፈረዱን ብቻ ይዞ ፍርዱን መንቀፍ ለሻፊዒይ ተማሪ አይመችም።)

የምልክቶቹ ክርክር

ለተከሳሾቹ የሚቆም ሰው የሚለው ቀላል አይደለም። ሟቹ 83 ዓመታቸው ነበር፤ ቀዶ ሕክምና ከተደረገላቸው ብዙ አልቆየም፤ ከዙፋን ወደ እስር ወርደዋል፤ ልጆቻቸውና የልጅ ልጆቻቸው ታስረዋል፤ የሚያውቋቸው ሹማምንት በአንድ ሌሊት ተረሽነዋል። እንዲህ ያለ አዛውንት በእንቅልፉ ቢሞት ምን ያስደንቃል? ኮሎኔል መንግሥቱ በስደት ሳሉ በሰጧቸው ቃለ ምልልሶች የያዙት መከራከሪያም ይኸው ነው፤ ያረጁና የታመሙ ሰው ነበሩ፣ አልገደልናቸውም የሚል። ጠበቃው አንድ ጠንካራ ነገር ይጨምራል፤ ደርግ 60ዎቹን ሲገድል አልደበቀም፤ በራሱ ሬዲዮ ነገረ። ግድያን በይፋ የሚያውጅ መንግሥት አንዱን ሞት ለይቶ የሚደብቅበት ምን ምክንያት አለው?

ይህ የመጨረሻው መከራከሪያ ሲሰሙት ያሳምናል፤ ሲመረምሩት ግን ይገለበጣል። ደርግ በኅዳር ያወጀው ግድያ በአገር ውስጥም በውጭም ያስከተለበትን ቁጣ አይቷል። ንጉሡ ደግሞ እንደ ማንኛውም ሹም አይደሉም፤ የአፍሪካ አንድነት ድርጅት መሥራች፣ በዓለም የሚታወቁ ሰው ናቸው። እንዲህ ያለ ሰው በእስር ቤት በራሱ ሞት ቢሞት ከሁሉ በላይ ማስመርመር የሚጠቅመው አሳሪውን ነበር። ሐኪሞች ጠርቶ፣ አስከሬኑን አሳይቶ፣ ለቤተ ሰብ ሰጥቶ ወይም ቢያንስ በሥርዓት ቀብሮ ራሱን ነጻ ማውጣት ይችል ነበር። የተደረገው ተቃራኒው ነው። አስከሬኑ ለ17 ዓመታት ያህል ደብዛው ጠፋ፤ የተገኘውም በገዥዎቹ ግቢ ውስጥ ነው።

ቀደም ብለን አንባቢ እንዲይዝልን የጠየቅነው የነወዊ ነጥብ እዚህ ላይ ይመጣል። በዐፅም ላይ የሚታነቅ ጉሮሮ የለም፤ የተያዘ ትንፋሽም ምልክት አይተውም። እንደ መጽሐፉ ቃል የግድያው ምልክት ጨርሶ ከሌለ ቀሳማ የለም። ታዲያ ተከሳሾቹ በዚህ ነጻ ይወጣሉ? እንደኛ አስተያየት መጽሐፉ ይህን ሁኔታ አላሰበም። ነወዊ የሚናገሩት ሰዎች አስከሬኑን አይተው፣ መርምረው ምልክት ስላላገኙበት ጉዳይ ነው፤ እዚህ ግን ምልክቱን ሊያሳይ የሚችለውን አካል የሰወረው ተከሳሹ ራሱ ነው። ዳኛ ሊያየው የሚገባውን ነገር በእጁ ያለ ሰው ከሰወረው፣ መሰወሩ ራሱ የልብን ዝንባሌ የሚያጠነክር ሌላ ለውስ ይሆናል እንጂ ለሰዋሪው ጋሻ ሊሆን አይገባም። ቀሳማን ለመጀመር ደግሞ ወሊዩ ደም፣ ማለትም የሟቹ ወራሽ፣ መክሰስ አለበት። አገር ውስጥ የነበሩት ወራሾች ያኔ በዚያው አሳሪ እጅ ታስረው ነበር። ከሳሽን አስሮ ከሳሽ የለም ማለት እንደማይቻል ለማንም ግልጽ ነው።

ስለዚህ እስር ቤቱ፣ ጠላትነቱ፣ ያለ ፍርድ የመግደል ልማዱ፣ የሐኪሙ ቃልና የአስከሬኑ መሰወር ተደምረው ደርግን እንደ አካል ተጠያቂ ለማድረግ ይበቃሉ ብለን እናምናለን። እነዚህን ምልክቶች አንድ በአንድ ብናያቸው ሁሉም ሌላ ትርጉም ሊሰጣቸው ይችላል። በአንድ ላይ ሲሆኑ ግን ሁሉንም የሚያስማማ ንጹሕ ትርጉም ለማግኘት ሞክረን አልሆነልንም።

ከአካሉ ወደ ሰውየው

አካሉን መያዝ አንድ ነገር ነው፤ አንድን ሰው በስሙ ጠርቶ ለቂሷስ ማቅረብ ግን ሌላ ነው። በዚህ ላይ ብዙዎቹ ተናጋሪዎች፣ የታሪክ መምህራንም ጭምር፣ የሚዘነጉት ነገር አለ። በነሐሴ 1967 ዓ.ም. የደርጉ ሊቀ መንበር ብርጋዴር ጄኔራል ተፈሪ በንቲ ነበሩ፤ መንግሥቱ አንደኛ ምክትል፣ አጥናፉ አባተ ሁለተኛ ምክትል ነበሩ። ሊቀ መንበሩ በጥር 1969 ዓ.ም.፣ አጥናፉ ደግሞ በዚያው ዓመተ ምሕረት መጨረሻ ተከትሎ በመጣው ዓመት በ1970 ተገደሉ። ሁለቱም ለመጠየቅ አልደረሱም። በሕይወት የቀረው ሰው የሞቱትን ሁሉ ሸክም ይሸከማል፤ ይህ በጉማ ሸንጎዎቻችንም የምናየው ነገር ነው።

«ያኔም ቢሆን እውነተኛው ሥልጣን በመንግሥቱ እጅ ነበር» የሚለው መልስ ከንቱ አይደለም። ከጥር 1969 በኋላ የሆነው ሁሉ ያንን ይመስላል። ነገር ግን በኋላ በሆነው የቀደመውን መፍረድ ነው፤ ሰው በ1969 እና በ1970 ያደረገው በ1967 አዘዘ የተባለውን በራሱ አያረጋግጥም። ዑመር (ረ.ዐ.) ሰንዓ ላይ በአንድ ልጅ ግድያ የተባበሩትን ሁሉ በቂሷስ መቅጣታቸው ይታወቃል፤ የሰንዓ ሰዎች ሁሉ ቢተባበሩበትም እንደማይምሩ ተናግረዋል። የዚያ ፍርድ መሠረት ግን እያንዳንዱ ተሳታፊ መሆኑ መታወቁ ነው። ደርግ ከ100 በላይ አባላት የነበሩት ጉባኤ ነበር፤ አንዱ ያውቃል፣ ሌላው ይጠረጥራል፣ ሦስተኛው በማግስቱ ከሬዲዮ ይሰማል።

በሰውየው ላይ በየመንደሩ የሚጠቀሰው ደግሞ በአብዛኛው ጠባዩ ነው። ቁጡ ነበር ይባላል፤ ሸሸ ይባላል፤ ጸጸት አላሳየም ይባላል። ሽሽቱን እንመልከት። ግንቦት 1983 ላይ የኢሕአዴግ ጦር አዲስ አበባ ደጃፍ ደርሶ ነበር፤ ሰውየው ከምንም ከሚያስፈራ ነገር ሁሉ ሊሸሽ ይችል ነበር፤ ሽሽቱ ከ16 ዓመታት በፊት ስለሆነው ሞት የሚናገረው ምንም የለም። በአገራችን የገዳይ ዘመድ ሁሉ፣ ነፍስ ያላጠፋውም፣ በቀልን ፈርቶ ቀዬውን ጥሎ እንደሚሄድ የማያውቅ ሽማግሌ አለ? ሽሽት ፍርሃትን ያሳያል፤ የፍርሃቱን ምክንያት ግን አይነግርም። ጸጸት አለማሳየትም እንዲሁ ነው፤ ያልገደለም ሰው አይጸጸትም። እናታችን ዓኢሻ (ረ.ዐ.) ከጦሩ ኋላ ቀርተው ከሰፍዋን ጋር መምጣታቸው ብቻ መዲናን ለአንድ ወር ያህል እንዴት እንዳናወጣት፣ ሱረቱ ኑርም ያንን ወሬ ከአፍ ወደ አፍ ያቀባበሉትን እንዴት እንደገሠጸች በየዓመቱ የምናስተምረው ነገር ነው።

በእኛ ሚዛን ውጤቱ ይህ ነው። በዚህ በአንዱ ሞት፣ በአደባባይ በሚታወቀው ቀሪና ብቻ ቢሆን፣ ደርግ ላይ ዲያን የሚያህል ኃላፊነት ይጸናል፤ በኮሎኔል መንግሥቱ ላይ በግል ቂሷስ ለመፍረድ ግን ሹብሃው ይቀራል። ይህን የምንለው በመዝሀባችን አዲስ ቃል ነው፤ አንድ ማሊኪ ባልደረባችን በዚሁ ለውስ ቂሷስ ይበቃል ቢለን አንደነቅም። ችሎቱ በእጁ የነበረው የሰነድና የሰው ማስረጃ ከዚህ የሰፋ መሆኑንም አንክድም። ሰውየው በተፈረደባቸው ሌሎች ግድያዎች ላይ፣ በተለይም የደርግ ጉባኤ ወስኖ በራሱ ባወጀው በ60ዎቹ ሞት ላይ፣ ይህ አስተያየታችን አንዳች አይለውጥም። የማይወደዱ ሰው ናቸውና ጥርጣሬውን እንለፈው የሚል ካለ፣ ነገ በጭሮም ሆነ በሂርና ሸንጎ ፊት የሚቆመውም የተከሰሰ ሰው ብዙ ጊዜ የማይወደድ ሰው መሆኑን ያስብ።

ስለ ምሕረቱ አንድ ነገር እንጨምር። በ2003 ዓ.ም. የኦርቶዶክስ፣ የእስልምና፣ የካቶሊክና የወንጌላውያን የሃይማኖት አባቶች ለታሳሪዎቹ የደርግ ባለ ሥልጣናት ይቅርታ ለመኑ። ግንቦት 24 ቀን ፕሬዚዳንት ግርማ ወልደ ጊዮርጊስ የ23ቱን የሞት ፍርድ ወደ ዕድሜ ልክ ለወጡ፤ ጥቂት ወራት ቆይቶም ብዙዎቹ ተፈቱ። ዑለማዎቻችን በልመናው መሳተፋቸውን አንዳንዶች ነቀፉ፤ እኛ አንነቅፍም። ነገር ግን ሱረቱል በቀራ በ178ኛው፣ ሱረቱል ኢስራእም በ33ኛው አንቀጽ የይቅርታን ቁልፍ የሰጡት ለወሊዩ ደም ነው። በምዕራብ ሐረርጌ ጉማ ላይ የሚቀመጥ ሽማግሌ የሟችን ወገን ሳያስቀምጥ አፉን አይከፍትም። ያኔ የንጉሡ ልጅ ልጆችም፣ የ60ዎቹ ልጆችም፣ በቀይ ሽብር የወደቁት እናቶችም በሕይወት ነበሩ። ከእነሱ የትኞቹ ተጠየቁ፣ ምንስ መለሱ የሚለው በየአገሩ ካሉት ወራሾች አንደበት ተሰብስቦ መጻፍ አለበት፤ የእናቶቹ ዕድሜ ደግሞ እየገፋ ነው። ከ23ቱ መካከል ኮሎኔል መንግሥቱ አልነበሩም፤ በሌሉበት የተፈረደባቸው የሞት ፍርድ በዚያ ቀን አልተነካም።